ምሳሌው ስለ ማን ተነገረ?

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ ተገልጦ ሲያስተምር ለትምህርቱ ምሳሌ የወሰደው ከሩቅ አገር ወይም ከፈላስፎች ጉባኤ አልነበረም። ዘሪው በእርሻው፥ ሴቲቱ በቡሖዋ፥ ዓሣ አጥማጁ በመረቡ፥ እረኛው በበጎቹ መካከል ሲውሉ ሰሚው ሁሉ በየቀኑ ያያቸው ነበረ። በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ ቢጣፍ መቀደዱ እንደሚብስ፥ አንዲት ድሪም የጠፋባት ሴት መብራት አብርታ ቤቷን እንደምትጠርግ፥ ልጆችም በገበያ ተቀምጠው በጨዋታ እንደሚነቃቀፉ የማያውቅ ሰው አልነበረም (ማቴ. 9፥16፤ 11፥16፤ ሉቃ. 15፥8)። ስለዚህ ሊቁም ሆነ ያልተማረው፥ ሽማግሌውም ሆነ ሕፃኑ ነገሩን ለመስማት እኩል ነበሩ። ዳሩ ግን ለመስማት እኩል የሆኑት ሁሉ ሰምተው ለመጠቀም እኩል እንዳልሆኑ ወንጌሉ ራሱ ይመሰክራል። ያው ምሳሌ አንዱን ደቀ መዝሙር ሲያደርገው ሌላውን አስቈጥቶ አሰናብቶታል። ይህ ልዩነት ከወዴት መጣ? ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ይህንን ነው።

ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሡ ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ ኀጢአቱን ገልጦ በመናገር አልጀመረም። በአንዲት ከተማ ስለሚኖሩ ስለ ባለጠጋውና ስለ ድኻው፥ ድኻውም እንደ ልጁ አድርጎ ስላሳደጋት ስለ አንዲት ጠቦት ተረከለት (2ኛ ሳሙ. 12፥1-4)። ዳዊት በእረኝነት ያደገ ሰው ነውና የበግ ነገር ልቡን ነካው፤ ወዲያውም ተቈጥቶ ፈረደ። ስለ ጠቦቲቱ የፈረደውን ፍርድ ልብ ብለን ብንመለከተው ጉድለት አይገኝበትም። አራት እጥፍ ይከፈል ማለቱ ሙሴ ስለ ተሰረቀ በግ በሕጉ የጻፈውን የተከተለ ነው (ዘጸ. 22፥1)። እንግዲህ የዳዊት ሕግ ዐዋቂነት አልጠፋም፤ ርኅራኄውም አልጠፋም፤ ለእውነት መቅናቱም አልጠፋም። የጠፋው ዳዊት ራሱ ነው። በታሪኩ ውስጥ ባለጠጋው አለ፥ ድኻው አለ፥ እንግዳው አለ፥ ጠቦቲቱም አለች፤ ዳዊት ግን ከደጅ ቆሞ የሚፈርድ ዳኛ ነበረ። ኦርዮ ከሞተ ወራት አልፈው፥ ሕፃኑም እንኳ ተወልዶ ነበር። በእነዚያ ወራት ሁሉ ንጉሡ በዙፋኑ ተቀምጦ የሰውን አቤቱታ ሲሰማና በቅን ሲፈርድ ቆይቶ ይሆናል።

ይህ እንዴት ይሆናል ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከእኛው ልብ አይርቅም። ሰው በገዛ ሥራው ውስጥ ምክንያቱን ስለሚያውቅ ሥራውን አያይም፤ በባልንጀራው ሥራ ውስጥ ግን ምክንያቱን ስለማያውቅ ሥራውን ብቻ ያያል። እኛ ስንቈጣ ተበድለን ነው፥ ስንዋሽ ተቸግረን ነው፥ ስንነፍግም ለልጆቻችን አስበን ነው። ሌላው ሲቈጣ ቍጡ፥ ሲዋሽ ሐሰተኛ፥ ሲነፍግ ንፉግ ነው። ምሳሌ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ይህን የምክንያት መጋረጃ ለጥቂት ጊዜ ገልጦ፥ ሥራችንን እንደ ሌላ ሰው ሥራ አድርጎ በፊታችን ማቆም ነው። ስለዚህ ናታን በግልጥ ከመናገሩ በፊት ፍርዱን ከንጉሡ አፍ ተቀበለ፤ በኋላም ያ በደለኛ እርሱ ራሱ መሆኑን ነገረው። ዳዊት መጋረጃውን መልሶ ሊጋርደው ይችል ነበር። ንጉሥ ነውና ነቢዩንም ሊያስወጣው ይችል ነበር። አላደረገውም።

የአገራችን አባቶችም ከዕለት ኑሮ መማርን ያውቁበት ነበር። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ቤት ሸሽቶ ሲሄድ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፥ ሲወድቅ፥ ደግሞም ሲሞክር፥ በመጨረሻም በሰባተኛው ሲወጣ አየ። ከዚህም የተነሣ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ትሉ አይደለም፤ ትል ሁልጊዜም ይወጣል፥ ይወድቃልም። ከያሬድ በፊት ስንት ሰው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ትል አይቶ ይሆን? ያሬድ ግን ስለ ትሉ አላደነቀም፤ ስለ ራሱ አለቀሰ። ትሉ ስብከት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ መልካሙ ታሪክ ለሰነፍ ልብ መተኛ ሲሆን እናያለን። በየካቲት 16 ቀን፥ በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበው የበላዔ ሰብ ታሪክ በምእመናን ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለአንድ የተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውኃ መዘነችለት። ታሪኩ የሚናገረው ምሕረት በእግዚአብሔር ሚዛን ምን ያህል እንደምትከብድ ነው። ከሰሚዎች መካከል ግን «እርሱ በጥርኝ ውኃ ከዳነ እኔማ ሰው አልበላሁ» እያለ ተጽናንቶ የሚሄድ አይጠፋም። በበሩ የቆመውን የተጠማ ሰው አላየውም፤ ውኃው በእንስራው ሞልቷል። ራሱን በታሪኩ ውስጥ ያላስገባ እንዳይመስላችሁ፤ አስገብቷል፥ ነገር ግን የሚመቸውን ቦታ መርጦ ተቀመጠ። ይህ ከደጅ ቆሞ ከመፍረድ የማይሻል፥ ምናልባትም የባሰ ነው።

እኛ አስተማሪዎች ደግሞ የራሳችን ደዌ አለን። ምሳሌውን ከማንበባችን በፊት የሚገባውን ሰው እንመርጥለታለን። ናታንም ሰው መርጦ አልነበረምን የሚል ቢኖር፥ አዎን፥ መርጦ ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን ገብቶ፥ ሊገድለው በሚችል ንጉሥ ፊት ቆሞ፥ በመጨረሻም በግልጥ ተናገረው። እኛ ግን በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን፥ ስም ሳንጠራ፥ ሕዝቡ እንዲጠረጥር ትተን እንወርዳለን። በሌላው ለመፍረድ የምጽፍ እንዳይመስል በራሴ የደረሰውን እናገራለሁ።

በሰበካችን ባልንጀራውን በዕዳ ከሶ ፍርድ ቤት ያቆመ አንድ ነጋዴ ነበረ። ይህን ስለ ሰማሁ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለዚያ ይቅርታ ስለማያውቅ ባሪያ አስተማርሁ (ማቴ. 18፥23-35)። ተዘጋጅቼበትም ነበር። ጌታው የማረው ዕዳ እልፍ መክሊት ነው፤ አንድ መክሊት 6,000 ዲናር፥ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ ነው (ማቴ. 20፥2)። ስለዚህ ዕዳው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው ለመክፈል 200 ሺህ ዓመት መሥራት ያስፈልገዋል። ሕዝቡ በዚህ ቍጥር ሲደነቅ እኔ የነጋዴውን ፊት እመለከት ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ስለ ሁለተኛው ዕዳ፥ ስለ 100 ዲናሩ፥ «ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ያልሆነ» ብዬ አለፍሁት። የ100 ቀን ድካም ለድኻ ምንም አለመሆኑን ማን ነገረኝ? ጌታችን እንዲህ አላለም። ሊማር የሚገባው ዕዳ እውነተኛ ዕዳ፥ የሚያምም ዕዳ እንዲሆን ነው የተናገረው።

በማግሥቱ ሰኞ በማለዳ አንድ ጎረቤቴ መጣ። ግንብ በሚሠራበት ቦታ ድንጋይና አሸዋ እያቀረበ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ነው። ሚስቱ በወሊድ ታማ ሳለች 14 ሺህ ብር አበድሬው ነበር፤ በእርሱ የቀን ዋጋ ቢቈጠር የ40 ቀን ያህል ሥራ ነው። በመስከረም ሊመልስ ተስማምተን መስከረም አልፎ ነበርና ሽማግሌ ልልክበት እያሰብሁ ነበር። መስቀል ተሳልሞ ቆመና «አባ፥ የትናንቱ ትምህርትዎ እንቅልፍ ነሥቶኝ ዐደረ» አለኝ። ልቤ ወዲያው ጠነከረ። ቃለ ወንጌሉን ለዕዳው መሸሻ ሊያደርገው መጣ ብዬ አሰብሁ፤ ብድርን አለመመለስ የኃጥእ ሥራ መሆኑን ከመዝሙረ ዳዊት ልጠቅስለትም ተዘጋጀሁ (መዝ. 36፥21)።

እርሱ ግን እንዲህ አለ፤ «አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ 3 ሺህ ብር ነበረበት። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት አንገቱን አንቄው ነበር። ትናንት ማታ ቤቱ ሄጄ ይቅር አልሁት። ያንን ተቀብዬ ከሌላው ጋር ጨምሬ ለእርስዎ ላመጣ ነበር ያሰብሁት፤ አሁን ግን የለኝም። እስከ ኅዳር ይታገሡኝ።»

አንባቢዬ ሆይ፥ በዚያች ሰዓት ያሰብሁትን ብደብቅ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ይሆናል። ያሰብሁት «ይቅር ያለው እኮ የእኔን ገንዘብ ነው» የሚል ነበር።

ይህ ክርክር በሰው ሕግ ሲታይ ከንቱ አይደለም። ባለዕዳ የሆነ ሰው በእጁ የሚገባውን ገንዘብ ለሌላው ሊተው ይገባዋልን? አስቀድሞ የራሱን ዕዳ ይክፈል፥ ከዚያም ከተረፈው ይማር የሚል ሁሉ ማስተዋል የጎደለው አይባልም። ብዙ ቀን አወጣሁ፥ አወረድሁ። ነገር ግን ይህን ፍርድ ወደ ወንጌሉ በወሰድሁት ጊዜ አልቆም አለኝ። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ብቻ ይማር ከተባለ በዚህ ዓለም ማን ይምራል? በየቀኑ የምንጸልየው ጸሎት ይቅርታ የሚለምነውና ይቅርታ የሚያደርገው ያው አንዱ ሰው እንደ ሆነ ያስተምረናል (ማቴ. 6፥12)። ከትርፉ የሚምር ማንም የለም፤ የሚምር ሁሉ ባለዕዳ ሳለ ነው የሚምረው። ይህን እኔ በመጽሐፍ ዐውቀው ነበር፤ ጎረቤቴ ግን በአንድ ሌሊት ኖረው። ደግሞም እንድታገሠው ሲለምነኝ የተናገረው ቃል ምሳሌው ውስጥ ሁለቱም ባለዕዶች ወድቀው የለመኑበት ቃል ነው። እርሱ ይህን ያስተዋለ አይመስለኝም። እኔ ግን አስተውዬዋለሁ።

ወንጌላዊው ማርቆስ ስለ ወይኑ ቦታ ገበሬዎች ምሳሌ ሲጽፍ፥ የካህናት አለቆች ጌታ ስለ እነርሱ እንደ ተናገረ ዐውቀው ሊይዙት ፈለጉ ይላል (ማር. 12፥12)። ይህን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ! ምሳሌውን የማያስተውሉ ይመስሉኝ ነበር፤ እነርሱ ግን አስተውለዋል። ራሳቸውን አይተዋል። እንግዲህ ራስን በምሳሌው ውስጥ ማግኘት ዳዊትንና የካህናት አለቆቹን አንድ ያደርጋቸዋል፤ የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ያየውን ራሱን ጠላ፤ ሌሎቹ ያሳያቸውን ጠሉ። በመካከላቸው ያለው ነገር ዕውቀት አይደለም፥ ስብከት ማሳመርም አያመጣውም። ስለዚህ ይመስለኛል ጌታችን የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሲናገር ታላቁ ወንድም ወደ ግብዣው ገባ ወይም ቀረ ሳይል የተወው (ሉቃ. 15፥25-32)። አባትየው ወጥቶ ይለምነዋል፤ ታሪኩ ከደጅ ላይ ያበቃል። በቤት የኖረ፥ ትእዛዝ ያልተላለፈ፥ አገልግሎቱን የሚቈጥር ልጅ ነው። ለእኛ ለካህናት ከታናሹ ይልቅ ታላቁ ይቀርበናል።

በዓቢይ ጾም ስድስተኛውን እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን «ገብር ኄር» ብላ በምሳሌው ውስጥ ባለው ታማኝ አገልጋይ ስም መጥራቷ ያለ ምክንያት አይደለም (ማቴ. 25፥14-30)። ሆኖም በዚያው ምሳሌ ውስጥ መክሊቱን የቀበረውም አለ፤ እርሱም አገልጋይ ነበረ፥ ጌታውንም የሚያውቀው ይመስለው ነበር።

ጎረቤቴን እስከ ኅዳር ታገሥሁት። ታገሥሁት እንጂ አልማርሁትም፤ የታገሥሁትም እሺ ከማለት በቀር የምለው ስላጣሁ ነው። ያ ነጋዴ ክሱን ይተው፥ ይግፋበት አላወቅሁም፤ ከዚያም በኋላ ለመጠየቅ አፈርሁ። ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ጎረቤቴ ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልሎ አመጣ። ብዙው ያረጀ የ50 እና የ100 ብር ኖት ነበረ። በፊቱ ቈጠርሁት፤ 14 ሺህ ሞላ። መስቀል ተሳልሞ ከበሩ ሲደርስ ዘወር አለና ስለ ትምህርቱ አመሰገነኝ።