የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ሳታይ አትመልስ



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችን ሱረቱል ከህፍን ቀርተናል፤ ያልቀራንም ከመግሪብ በፊት እንቀራለን ብለን ነይተናል። በዚህች ሱራ ውስጥ የሁለት አትክልት ስፍራዎች ባለቤት ታሪክ አለ። አላህ ወይን ሰጠው፣ ዙሪያውን በተምር ከበበለት፣ በመካከሉ ወንዝ አፈሰሰለት። ሰውየው ግን ወደ አትክልቱ ሲገባ ይህ መቼም አይጠፋም ብሎ ተመካ። ጓደኛው ማሻአላህ፣ ላ ቁወተ ኢላ ቢላህ እንዲል መከረው። አልሰማም። በመጨረሻ አትክልቱ ወድሞ፣ ባወጣበት ገንዘብ እየተቆጨ መዳፎቹን ሲያገላብጥ ቀረ።

ይህን ታሪክ ስንት ጁሙዓ ቀርቼዋለሁ! ሁልጊዜ ስለ ሀብታም ሰው የወረደ ይመስለኝ ነበር። እኔ ወይን የለኝ፣ ተምር የለኝ፣ ምን አገባኝ? ትርጉሙ የገባኝ አንዲት እናታችን ጎመን ካቃጠልኩባቸው በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል አካባቢ ነው። እዚህ «ማስተር ጋርደነር» የሚባል የበጎ ፈቃደኛ አትክልተኞች ስልጠና አለ። የተጀመረው በዚሁ በዋሽንግተን ግዛት በ1972 ነው። በወቅቱ የግብርና ባለሙያዎቹ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚያመጣውን ጥያቄ መልሰው መጨረስ አቃታቸው። ስለዚህ ፈቃደኛ ነዋሪዎችን እናሰልጥን፣ እነሱ ደግሞ በተራቸው ጎረቤቶቻቸውን ያስተምሩ አሉ። እስከ ዛሬም ውሉ ይኸው ነው፦ የተማርከውን በነፃ ጉልበትህና ጊዜህ ለሕዝብ ትመልሳለህ። ዒልም ዘካ አለው እንል የለ? ይህ ከዚያ የራቀ አይደለም።

ትምህርቱ የሚሰጠው በአብዛኛው በብርዱ ወራት ነው። አገር ቤት ክረምት ስንል ዝናብና ልምላሜ ነው። የዚህ አገር «ዊንተር» ግን ዛፉ የሚራቆትበት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ 4፡20 ገደማ የምትጠልቅበት ጊዜ ነው።

እኔም ተመዘገብኩ። ገና ጥቂት ሳምንት እንደተማርኩ አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ እኚያ እናታችን፣ «ልጄ፣ አትክልት ትማራለህ አሉ። ጎመኔ ቢጫ ሆነብኝ፣ ምን ይሻለዋል?» አሉኝ። ሰው ሰምቷል። ደስ አለኝ። ጓሮአቸውን አላየሁ፣ ስለ አፈሩም አልጠየቅሁ። «ናይትሮጂን አንሶት ነው፣ የዶሮ ፍግ ጨምሩበት» ብዬ አለፍኩ።

እሳቸውም አምነውኝ ትኩስ ፍግ ከሥሩ ሥር ደፉበት። ያልበሰለ የዶሮ ፍግ ኃይለኛ ነው፣ ተክል ያቃጥላል። በሳምንቱ ስሄድ የቅጠሉ ዳርና ዳር ደርቋል። አፈሩን በእጄ ስጨብጠው ደግሞ ውኃ ይንጠባጠባል። ለካ ጎመኑ ቢጫ የሆነው ማዳበሪያ አንሶት ሳይሆን ውኃ ተኝቶበት ሥሩ ስለታፈነ ነው! በመዳፌ ያን ጭቃ ይዤ ሳየው፣ መዳፉን ያገላብጥ የነበረው ሰው ትዝ አለኝ። እሱ በወይኑ ተመካ፤ እኔ በሦስት ሳምንት ትምህርት ተመካሁ።

ይቅርታ ስጠይቃቸው ሳቁ። «አብሽር ልጄ፣ ጎመን ነው፣ ይዘራል። ግን ሁለተኛ ሳታይ አትመልስ» አሉኝ።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ ይህቺ ምክር ከጎመን በላይ ናት። በስልካችን ውስጥ በየቀኑ ስንት ጥያቄ ይመጣል? ይህ ሐላል ነው ወይስ ሐራም? ባሌን ልፍታ ወይስ ልታገስ? ሁላችንም መልስ አለን። አጭር ቪዲዮ ያየ ሙፍቲ፣ ሁለት ደርስ የሰማ ቃዲ ሆኗል። የእኔ ስህተት አንድ መደብ ጎመን አቃጠለ። ስለ ዲን ሳያውቁ የሚሰጡት መልስ ግን ትዳር ያቃጥላል፣ ሰው ከመስጂድ ያስወጣል። ጎመን ይዘራል፤ የተሰበረ ቀልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም።

በስልጠናው ደጋግመው የሚነግሩን ነገር ቢኖር የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣ አጣርታችሁ ተመለሱ የሚለው ነው። እኛ ይህን ከኢማሞቻችን ልንማረው ይገባን ነበር። ኢማሙ ማሊክ ያ ሁሉ ዒልም እያላቸው፣ ከሩቅ አገር ተጉዞ ለመጣ ጠያቂ እንኳ «ላ አድሪ» ማለትን አያፍሩም ነበር። አላውቅም ማለት የዒልም ጉድለት አይደለም፤ አላህን የመፍራት ምልክት ነው።

አሁን ወደ ብርዱ ወራት ልመልሳችሁ። በዚህ ጊዜ ጓሮው የሞተ ይመስላል፣ ግን ሥራው ያለው ያኔ ነው። የወደቀውን ቅጠል ሰብስበን አፈሩን እናለብሰዋለን። አፈሩን አስመርምረን የጎደለውን እናውቃለን። ዶማና መቀሱን እናጸዳለን፣ እንስላለን። ያደረ ዘር ካለን አሥር ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለን ስንቱ እንደሚበቅል እንሞክራለን። በመከር የተዘራ ባቄላ ብርዱን ችሎ ያድራል፣ አፈሩንም ያደልባል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የሚገርም ነው፤ ብርዱ ካልነካው ራሱ በወጉ አይከፋፈልም፣ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። ጥርሶቹ የሚለዩት ያ ብርድ ስላለፈበት ነው።

ከእናንተ ውስጥ ቀልቡ እንደዚያ ጓሮ የሆነበት አለ። ዱዓ ያደርጋል፣ ምላሹ አልታየውም። ይሰግዳል፣ ጣዕሙን አጥቷል። ሥራ ይፈልጋል፣ አላገኘም። ወንድሜ፣ በአንተ ላይ የወረደውን ብርድ አላህ ለምን እንዳወረደው እኔ አላውቅም፣ ሳላይ አልመልስም። የማውቀው አላህ በሱረቱ ፉሲለት የደረቀችውን ምድር ሕያው የሚያደርገው እርሱ ሙታንንም ሕያው እንደሚያደርግ የነገረንን ነው። አንተ በብርዱ ሥራህን አትተው። ቀኑ አጭር ነው፣ ሰኞና ሐሙስን ጹም። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሁለት ረከዓ ጨምር። ረመዷንም በእነዚህ ዓመታት ወደ ብርዱ ወራት እየገባ ነው። መደቡን ያላዘጋጀ ሰው ዝናቡ ሲመጣ ዘር ፍለጋ ይሮጣል።

አገር ቤት ያላችሁም ይህ ለእኛ አይደለም አትበሉ። የእናንተ በጋ የውኃ እጥረት ጊዜ ነው። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የተቆረጠ ጀሪካን ጎመን ያበቅላል። ውዱእ ስታደርጉ ከሥር ሳፋ አድርጉና ውኃውን ለተክሉ ስጡት። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነግረውናል። ወፏ የምትለቅመውም አይጠፋም።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችን ሦስት ነው። አንድ፦ አንድ ጥያቄ ሲመጣላችሁና ሳታውቁት ስትቀሩ፣ ሰው እየሰማ «አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» በሉ። ሁለት፦ የምታውቁትን አንድ ነገር፣ ስፌትም ይሁን ኮምፒውተር ወይም ቁርኣን፣ ለአንድ ሰው በነፃ አስተምሩ። ሦስት፦ አንድ ዘር ዝሩ። ሲበቅል ደግሞ ማሻአላህ፣ ላ ቁወተ ኢላ ቢላህ በሉ፤ እኛ ዘሩን ጣልን እንጂ ያበቀለው አላህ ነው።

እኚያ እናታችን በዚያው መደብ እንደገና ዘሩ። እኔ ውኃ መውረጃውን ቆፈርኩላቸው። በበጋ ከዚያ ጎመን ቆርጠው በፌስታል ይዘውልኝ መስጂድ መጡ። ያቃጠልኩባቸውን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

አላህ ሆይ፣ የማናውቀውን ከመናገር ምላሳችንን ጠብቅልን። የምናውቀውን የምንሠራበት አድርገን። የደረቁ ቀልቦቻችንን በራሕመትህ አርጥብልን። ለታላላቆቻችን ረጅም ዕድሜ ከዓፊያ ጋር ስጥልን። አሚን።

ከዐስር በኋላ ባለችው ሰዓት በዱዓችሁ አትርሱን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።