የማይጎዳ ውሸት አለን?

ሰው የሚዋሸው ለጥቅም ወይም ከፍርሃት የተነሣ ነው ይባላል። እኔ ግን አንድ ጊዜ የማገኘው ጥቅም ሳይኖር፣ የምፈራውም ሰው ሳይኖር፣ ሾርባ እየጠጣሁ ዋሸሁ። ውሸቲቱ ትንሽ ነበረች፤ እዚያው ማዕድ ላይ የቀረችም መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀኝ ኖራ፣ ተመልሼ በሄድሁ ጊዜ በር ላይ ተቀበለችኝ። ይህን ለእናንተ ለወጣቶቹ የምጽፈው፣ ስለ ትልልቆቹ ውሸቶች ወላጆቻችሁና መምህሮቻችሁ በሚገባ ነግረዋችኋል ብዬ ስለማምን ነው። ስለ ትንሾቹ ግን ብዙ ሰው አይናገርም፤ ምናልባት ሁላችንም ስላለንበት ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በኢጣልያ አገር፣ በሊጉርያ ጠረፍ፣ ካሞሊ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከጄኖቫ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በባቡር ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደረስባታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ወደ ሚላኖ ሄጄ ነበርና፣ ሥራው ሲያልቅ የተረፈኝን አንድ ሳምንት በባሕር አጠገብ ላሳልፍ ብዬ ወደዚያ ወረድሁ። ብቻዬን ነበርሁ። ዕድሜዬ ወደ አምሳ የተጠጋ፣ ሚስት ያላገባሁ፣ ልጅም ያልወለድሁ ሰው ነኝ።

ያረፍሁበት ሆቴል ትንሽ ነው። ባለቤቲቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ሁሉም ሲኞራ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። በዚያ አገር እንዲህ ባሉ የቤተሰብ ሆቴሎች አንድ ደስ የሚል ልማድ አለ። ቁርሱንና እራቱን ከመኝታው ጋር የከፈለ እንግዳ፣ በገባበት ቀን የተሰጠውን ጠረጴዛ እስኪሄድ ድረስ አይለቅም። ጠጥቶ ያልጨረሰው የወይን ጠጅ ጠርሙስም የክፍሉ ቍጥር ተጽፎበት ይቀመጥለትና፣ በማግሥቱ ማታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰው በባዕድ አገር ሳለ የሚጠብቀው ነገር ማግኘቱ፣ ጠርሙስም ቢሆን፣ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጠረጴዛው የሰውን ኑሮ ለሁሉ ይናገራል። ባልና ሚስት በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ባለ ልጆቹ ትልቁን ይይዛሉ፤ ብቻውን ለመጣ ሰው ደግሞ ወደ ወጥ ቤቱ በር የተጠጋችው ትንሿ ትሰጠዋለች።

እኛ ብቻ መብላትን እንዴት እንደምናየው ታውቃላችሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን፣ ከአንድ መሶብ ዙሪያ እየቈረስን ያደግን ሰዎች ነን። በእኛ ዓይን ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ስስታም ነው፣ ወይ ከቤቱ ተጣልቷል፣ ወይ ሰው የለውም። ስለዚህ በዚያች ትንሽ ጠረጴዛ በተቀመጥሁ ቍጥር በምግብ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ እኔን የሚመለከተኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ማንም አላየኝም፤ እያንዳንዱ ዓሣውን ከአጥንቱ ይለይ ነበር።

በሦስተኛው ማታ ሲኞራ ሾርባውን ሲያስቀምጡልኝ «ብቻዎን ነዎት?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ክፋት የሌለበት ነበር፤ እናቴም ብትሆን ትጠይቀው ነበር። እኔ ግን «ባለቤቴ ሥራ ይዟት ቀርታ ነው፤ በሚመጣው ዓመት አብረን እንመጣለን» አልሁ። ኢጣልያንኛዬ ፓስታ፣ ፌርማታ፣ ጎሚስታ እያልን ካደግንበት ቋንቋ ብዙ አይርቅም፤ ለመዋሸት ግን በቃኝ።

ሲኞራ ደስ አላቸው። ከዚያች ማታ ጀምሮ «ባለቤትዎ ደኅና ናት ወይ?» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም «ደኅና ናት» እል ነበር። ምግቡም ጣፈጠኝ። ይህን አልክድም። ትንሽ ውሸት ወዲያው የምትከፍለው ደመወዝ አላት፤ ባትከፍል ኖሮ ማን ይቀጠርላት ነበር?

በሚቀጥለው ዓመት በ2023 ዓ.ም. እንደገና ሚላኖ የሚያደርሰኝ ጉዳይ ተገኘ። ለሲኞራ የምመጣበትን ቀን ጽፌ ክፍል እንዲያስቀምጡልኝ ለመንሁ። ለስንት ሰው እንደ ሆነ አልጻፍሁም፤ ያችን ውሸት ፈጽሜ ረስቻት ነበርና። በደረስሁ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው «ቤን ቶርናቶ!» አሉኝ፤ እንኳን ደኅና ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያም ከትከሻዬ በስተኋላ ወደ በሩ ተመለከቱ። «ሲኞራዋስ?» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን «ታመመችብኝ» አልሁ። ሴትዮዋ ፊታቸው ተለወጠ፤ ክንዴን ይዘው ወደ ላይ አወጡኝ። የሰጡኝ ክፍል የአምናው ክፍል አልነበረም። ወደ ባሕሩ የተከፈተ ሰገነት ያለው፣ ሰፊ አልጋ የተነጠፈበት ክፍል ነው፤ ዋጋውም የአምናው የአንድ ሰው ክፍል ዋጋ ነው። ኋላ አስተናጋጁ እንደ ነገረኝ፣ በየዓመቱ የሚመጡ ባልና ሚስት ይህንኑ ክፍል ጠይቀው «ተይዟል» ተብለው ነበር። የተያዘው ለእኔ ሚስት ነው።

በምግብ ቤቱም በመስኮቱ አጠገብ ለሁለት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ ጠበቀኝ። አስተናጋጁ መጥቶ አንዱን ሳሕን፣ አንዱን ብርጭቆ፣ አንዱን ሹካና ቢላ አነሣ። ወንበሩን ግን ተወው። በአንድ ሰው ጠረጴዛ ብቻዬን መብላት ያሳፍረኝ የነበርሁት ሰው፣ አሁን ባዶ ወንበር እያየሁ በላሁ። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሲኞራ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለ ባለቤቴ ጤና ሻማ እንዳበሩ ነገሩኝ። ዳቦው ጕሮሮዬ ላይ ቀረ።

የካሞሊን ቤቶች ያየ ሰው አይረሳቸውም። በወደቡ ዳር ተጣብቀው የቆሙ፣ ቀይ፣ ቢጫና ሮዝ ቀለም የተቀቡ ረጃጅም ፎቆች ናቸው። ከሩቅ መስኮቶቻቸው በሥርዓት ተደርድረው ይታያሉ፤ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን ከመስኮቶቹ አንዳንዶቹ መስኮቶች አይደሉም። በልሙጥ ግድግዳ ላይ መዝጊያው፣ የድንጋይ ጌጡ፣ ጥላው ሳይቀር በቀለም ተሥሏል። በሊጉርያ ይህ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ሳምንት ከወደቡ ጠርዝ ተቀምጬ እነዚህን መስኮቶች ስመለከት ብዙ ጊዜ አሳለፍሁ፤ ሠዓሊው ዋሽቷል ወይ? እያልሁ። እንደ እኔ አሳብ አልዋሸም። ሰው አይቶ ይሥቅና ያልፋል እንጂ ነፋስ ላስገባ ብሎ ሊከፍተው የሚሄድ የለም። በእኛም አገር እንግዳ «ቅመስ» ሲባል «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው። የቤቱ ጌታም ይህን ያውቃልና «በሞቴ» ብሎ ያጐርሰዋል። በሁለቱ መካከል የተታለለ የለም፤ ጨዋታውን ሁለቱም ያውቁታል። እኔ የሣልሁትን መስኮት ግን ሲኞራ ሊከፍቱት ሄዱ።

ስለ ውሸት እጅግ አጥብቆ ከጻፉት ሰዎች አንዱ አውግስጢኖስ ነው። በ395 ዓ.ም. ገደማ ስለዚሁ ነገር አንድ መጽሐፍ ጽፎ፣ ውሸትን በስምንት ዓይነት ከፍሎ፣ ከከባዱ እስከ ቀላሉ ቆጥሮ፣ አንዱንም አልፈቀደም። ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ ጨካኝ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ይኸው ሰው በኑዛዜው እንደሚናገረው፣ ራሱ በባሕር ዳር ዋሽቶ ያውቃል። በ383 ዓ.ም. ከካርታጎ ወደ ሮማ ለመሄድ ሲነሣ፣ እናቱ ሞኒካ አጥብቃ ይዛ አልለቅህም ብትለው፣ ነፋስ እስኪነሣ ድረስ ወዳጄን ልጠብቅ ነው ብሎ አታለላት። እርስዋም በመርከቡ አጠገብ ባለች የጸሎት ቤት አደረች። እርሱ በሌሊት ተሳፍሮ ሄደ፤ እርስዋ በማለዳ በወደቡ ላይ ስታለቅስ ቀረች። ከአራት ዓመት በኋላ በኦስትያ፣ በዚያው በኢጣልያ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደ ደቡብ በምትገኘው የሮማ ወደብ፣ ሞኒካ ታማ ሞተች። በሞት አልጋዋ ላይ ሳለች ልጅዋን ደግ ልጅ ብላ መሰከረችለት። ስምንቱን ዓይነት ውሸት የቈጠረ ሰው ይህችን የወደብ ውሸት ረስቷት ይሆን? እኔ አይመስለኝም። ጨካኝ የመሰለኝም ሰው ምናልባት ቍስሉን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው ካንት ነው። በ1797 ዓ.ም. ቤንጃሚን ኮንስታን ለተባለ ጸሓፊ በሰጠው መልስ፣ ነፍሰ ገዳይ በር ላይ ቆሞ «የማሳድደው ሰው እዚህ አለ ወይ?» ቢልህ እንኳ አትዋሽ ይላል። ይህን እኔ አልቀበለውም፤ ካንት ራሱ ከኋላ በር ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር መስማት እወድዳለሁ። ሆኖም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የማልጥለው አንድ ነገር አለ። ይኸውም፣ የሚዋሽ ሰው ከውሸቱ የሚመጣውን ነገር ሁሉ፣ ያላሰበውንም ጭምር፣ ተሸካሚ ይሆናል የሚለው ነው። እኔ ደግሞ በሬ ላይ የቆመ ነፍሰ ገዳይ አልነበረብኝም፤ ሾርባ የያዙ አሮጊት ነበሩ። ሳልናገር ማለፍም እችል ነበር፤ «አዎን» ብሎ ሾርባን መጠጣት ሚስጥርን ማውጣት አይደለም። የዋሸሁት በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ጥሩ ነገር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሌላውን እንዳናሳፍር ይይዘናል። ራሳችንን እንዳናሳፍር ስንል ብቻ ስንጠቀምበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

በዚያ ሳምንት የከበደኝ ግን የክፍሉ ዋጋ ብቻ አልነበረም። የሲኞራ ደግነት ለእኔ አልደረሰኝም። የተጠየቀው፣ የታዘነለት፣ ሰገነቱ የተሰጠው፣ ሚስቱ የታመመችበት ያ የፈጠርሁት ሰውዬ ነው። እኔ በእርሱ አልጋ ተኝቼ የእርሱን ሰላምታ እቀበል ነበር። ብቸኝነትን ላመልጥ ብዬ በተናገርሁት ቃል የተነሣ፣ በዚያ ቤት ውስጥ እኔን የሚያውቀኝ ሰው አልተገኘም። ያቺ የአምናዋ ጥያቄ «ብቻዎን ነዎት?» ምናልባት የባል የሞተባት ሴት ወዳጅነት መጀመሪያ ነበረች፤ እርሳቸውም በየማታው ብቻቸውን እንደሚበሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ የሚበሉት እንግዳው ሁሉ ከተነሣ በኋላ በዚያችው በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ነው።

በአራተኛው ማታ፣ ጠረጴዛዎቹ ሲነሡ ቆይቼ፣ ሲኞራ ወደሚቀመጡበት ሄድሁና በተሰባበረ ቋንቋ ነገርኋቸው። ሚስት የለኝም፤ አልነበረችኝም፤ አምናም ውሸት ነው፣ ዘንድሮም ውሸት ነው አልሁ። ሹካቸውን አስቀመጡ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ «እንግዲያ እኔ የጸለይሁት ለማን ነው?» አሉ።

መልስ አጣሁ። ቁጣ ቢሆን ይቅርታ እጠይቅበት ነበር። እርሳቸው ግን በእውነት ማወቅ ፈልገው የጠየቁኝ ይመስሉ ነበር።

በማግሥቱ «ደኅና አደሩ» ከማለት በቀር አልተናገሩኝም፤ አስተናጋጁም በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ሁለተኛ ወንበር ወስዶት ነበር። እኔ ራሴ ጠርሙሴን ይዤ ወደ ትንሿ ጠረጴዛ ተመለስሁ። በመጨረሻው ቀን ሒሳብ ስከፍል የሰፊውንና የጠባቡን ክፍል ልዩነት ልጨምር ብዬ ገንዘብ ዘረጋሁ። ሲኞራ በእጃቸው መለሱት። «ክፍሉን የሰጠሁ እኔ ነኝ» አሉ፤ መነጽራቸውንም አውልቀው በመስኮቱ በኩል ወደ ወደቡ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱኝ። «የሻማውን ግን ራስዎ ይክፈሉ።» ቂም ይሁን ምሕረት፣ ከፊታቸው ላነብበው አልቻልሁም።

ሻንጣዬን እየጐተትሁ ወረድሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከአንዲት ወለል ከምትጠርግ ሴት በቀር ሰው አልነበረም። ሁለት ዩሮ ከሣጥኑ ጨመርሁና አንድ ሻማ አነሣሁ። ከዚያም ስለ ማን እንደማበራው እያሰብሁ ሻማውን ይዤ ቆምሁ፤ ባቡሩ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።