ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ መልካም ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ለሚወደው ነገር ምክንያት ሲፈልግ ፈጥኖ ከሚያገኛቸው ቃላት አንዱ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» የሚለው ነው። ቃሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለሚጫንበት መመርመር ይገባዋል። እኛም በአንዲት ዘር እንመርምረው፤ እርስዋም በአገራችን ብዙ ሰው ሐሺሽ ወይም ጋንጃ ብሎ የሚጠራው የካናቢስ ዘር ናት።

በኢትዮጵያ ይህን ተክል ማብቀል በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። በካናዳ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ ለአዋቂዎች ፈቅዶታል። በዚያ አገር በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር 19 ዓመት የሞላው ሰው ከተፈቀደለት ሻጭ ዘር ገዝቶ በመኖሪያ ቤቱ እስከ 4 ተክል ሊያበቅል ይችላል። ቁጥሩም የቤቱ ነው እንጂ የእያንዳንዱ ነዋሪ አይደለም፤ ያበቀለውንም ሊሸጥ አይፈቀድለትም። ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ስለሚኖሩ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ጀማሪ አለ እንበል፤ ሰነፍም አይደለም። ዘሩን አንድ ቀን በውኃ ይዘፈዝፋል፤ ነጩ ሥር ብቅ ሲል በለሰለሰ አፈር ላይ ላዩን ይቀብረዋል። አፈሩን በብስባሽና በምድር ትል ፍግ ያዳብረዋል እንጂ የፋብሪካ ማዳበሪያ አያስነካውም፤ ተባይ ቢያይም መርዝ ከመርጨት ይልቅ ቅጠሉን በእጁ ያብሳል። ውኃ ሲበዛ ሥሩ እንደሚበሰብስ፣ አየር ሲታመቅም አበባው እንደሚሻግት ተምሮአል። ከሦስት እስከ አምስት ወር ያህል ከጠበቀ በኋላ አበባውን ቈርጦ በጨለማ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያደርቀዋል። በመጨረሻም «አንድ የኬሚካል ጠብታ እንኳ አልነካውም፤ ምድር የሰጠችኝ ንጹሕ ቅጠል ነው፤ ታዲያ ነቀፌታው ከወዴት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ቅን ነውና መልስ ይገባዋል። አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። ይህ ሰው ምን እንደ ተቀላቀለበት የማይታወቅ ነገር ከመንገድ ላይ አልገዛም፤ በገዛ እጁ ደክሞአል፤ ትዕግሥትንም ተምሮአል። ንጹሕ አፈር በመርዝ ከተነከረ አፈር ይሻላል፤ ይህን የሚክድ ሰው ለእውነት አይከራከርም።

ነገር ግን «ምድር ሰጠችኝ» የሚለውን ቃል ከክፍሉ ጋር አስተያየው። በዚያ ክፍል ፀሐይ አልወጣችም፤ በቀን 18 ሰዓት የሚያበራው የኤሌክትሪክ መብራት ነው። ጊዜው ሲደርስ ባለቤቱ ሰዓቱን ወደ 12 ይቀንሰዋል፤ ተክሉም በጋው አልፎ ቀኑ ያጠረ መስሎት ያብባል። ነፋሱ ማራገቢያ ነው፤ ዝናሙም የባለቤቱ እጅ ነው። ከተክሎቹ መካከል ወንዴ ቢገኝ ነቅሎ ያወጣዋል፤ ሴቴዋ ከተዳቀለች አበባዋ በዘር ይሞላልና። ተክሉ ለዘር ብሎ የሚያብበውን እርሱ የሚፈልገው በአበባው ላይ ስለሚወጣው ሙጫ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ነው፤ ጥበብ መሆኑም በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን የሚያስከትለውን አስተውል። ሰው በሜዳ ስለ በቀለ አረም «እኔ አልዘራሁትም» ሊል ይችላል። በተዘጋው ክፍል ግን ከብርሃኑ እስከ ጨለማው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሆነ አንድም ነገር የለም። ፀሐዩም ዝናሙም ወቅቱም እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ምርቱ በእጁ ሲገባ በማን ያሳብባል? «ተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ከሌላው ሰው ይልቅ ለእርሱ አይመችም።

ደግሞም ያለ ኬሚካል መብቀሉ ተክሉ እንዴት እንዳደገ ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። እንክርዳድ ማንም ሳያዳብረው በስንዴ መካከል ይበቅላል፤ ከዳቦ ጋር ሲበላ ግን ራስን ያዞራል። የካናቢስ ቅጠልም በፍግ ቢያድግ በማዳበሪያ ቢያድግ ሲቃጠል ጭሱ ሳንባን ይጎዳል። አእምሮን የሚለውጠው ቴትራሃይድሮካናቢኖል የተባለው ነገር በአፈሩ ንጽሕና አይቀንስም፤ ያጨሰውም ሰው መኪና ቢነዳ ፍርዱና እጁ ይዘገያሉ። የወጣት አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና በመብሰል ላይ ስለሆነ፣ ዘወትር የሚጠቀም ወጣት ከሌላው ይልቅ ይጎዳል።

ጀማሪው «ሕግ ፈቅዶልኛል» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ሕግን ማክበር መልካም ነው፤ አምስተኛ ተክል የሚሸሽግ ወይም ለባልንጀራው የሚሸጥ ሰው ይህን እንኳ ሊል አይችልም። ነገር ግን የኦታዋን ወንዝ ተመልከት። በደቡቡ ዳር ያለችው የኦታዋ ከተማ በኦንታርዮ ናትና 4 ተክል ይፈቀድባታል፤ በሰሜኑ ዳር ያለችው ጋቲኖ ግን በኬቤክ ናት፤ የኬቤክ ሕግም በቤት ማብቀልን ከልክሎአል። የካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ይህን ክልከላ በ2023 አጽንቶታል። ድልድዩን ሲሻገር ዘሩ ጠባዩን አልለወጠም። ሕግ ዳኛ የሚቀጣህን ነገር ይነግርሃል፤ ለቤተ ሰብህና ለጎረቤትህ የሚገባውን ሁሉ ግን ዘርዝሮ አይነግርህም። ያን አንተ ራስህ ልትጠይቅ ይገባሃል።

በዚህ ስፍራ በሕመምተኛ ላይ አንፍረድ። ካናዳ ለሕክምና የሚሆነውን ከ2001 ጀምራ ፈቅዳለች፤ የነቀርሳ መድኃኒት የሚያመጣበትን ማቅለሽለሽ በሐኪም ምክር ሊያስታግሥ የሚሻ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው። ንግግራችን ለደስታው ብቻ ከሚያበቅለው ሰው ጋር ነው።

እርሱም ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። በመጀመሪያ፤ በዚህ ቤት ከእኔ ጋር የሚኖር ማን ነው? ከረሜላ መስሎአቸው ካናቢስ የተቀላቀለበትን ጣፋጭ በልተው ሆስፒታል የገቡ ሕፃናት አሉ፤ ያልተቆለፈ ሣጥን በሕፃን ፊት ፈተና ነው። ሁለተኛ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ማን ነው? የአበባው ሽታ ብርቱ ነው፤ ጎረቤት ሳይጠየቅ ሊሸከመው አይገባም። ሦስተኛ፤ አንድ ወር ያለ እርሱ ልኖር እችላለሁን? ለተክሉ ብርሃንና ጨለማ በሰዓት የሚወስን ሰው፣ ለገዛ ምኞቱ ሰዓት መወሰን ካቃተው፣ በዚያ ቤት የሚታዘዘው ተክሉ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ተክል ብታበቅልም ባታበቅልም፣ ስለምትወደው ነገር «ንጹሕ ነውን?» ብለህ ስትጠይቅ ጥያቄህን በአፈሩ ላይ አታቁም። ከአፈሩ ወደ እጁ፣ ከእጁም ወደ ቤቱ አድርሰው። በብስባሽ የለማ አፈር መልካም ቅጠል ያወጣል፤ ቅጠሉ በማን ቤት ምን እንደሚያደርግ ግን ምድር አትወስንም። መብራቱን ያበራው ሰው ይወስናል፤ ሲጠየቅም የሚመልሰው እርሱ ነው።