መብራት የት አለ?

አክስቴ መብራት ልትከፍል ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ልጇ ወደ ዱባይ ከመሄዱ በፊት የባንኩን መተግበሪያ ጭኖላት፣ የምስጢር ቁጥሩንም አስጠንቷት ነበር። ፊደል ታውቃለች፤ የተደረደሩትን ቃላት አንድ በአንድ እያነበበች ወረደች። «ማስተላለፍ»፣ «መገልገያዎች»፣ «ሌሎች አገልግሎቶች»። «መብራት» የሚል የለም። ጥቂት ፈላልጋ ስልኩን ዘጋችና «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ያልተማርኩ ሰው» አለችኝ። መብራት «መገልገያዎች» ውስጥ ነበር። ለእሷ ግን መገልገያ ድስት ነው፣ ሰፌድ ነው፣ ጀበና ነው። ባንኩ ዕቃ መሸጥ የጀመረ መስሏት አልፋዋለች።

ሥራዬ የመረጃ አርክቴክትነት ነው። የተጠቃሚ ተሞክሮ ንድፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀለሙና የቁልፉ ቅርጽ ነው። እኔ የምጨነቀው ከዚያ በፊት ላለው ነገር ነው፤ አንድ ነገር የት ይቀመጥ፣ ምን ተብሎስ ይጠራ? ያን ቀን ግን ከሙያዬ አልፎ የከነከነኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ፈልጎ ያጣ ሰው ለምን ራሱን ይወቅሳል? ጉበኑ ዝቅ ብሎ ግንባሩን የገጨው ሰው አናጢውን ይረግማል። ቃሉ የጠፋበት ሰው ግን የሚረግመው አናጢ አይታየውም፤ ድርድሩ ሰው የሠራው ሳይሆን ድሮውንም እንዲያ የነበረ ይመስለዋል።

ሙያው ስሙን ያገኘው ከሕንፃ ሠሪዎች ዘንድ ነው። ሪቻርድ ሶል ወርማን አርክቴክት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ የተካሄደውን የአሜሪካ አርክቴክቶች ጉባኤ ሲመራ የመረጃን አርክቴክቸር መሪ ርዕስ አደረገው። በኋላም መረጃ የሚደራጅባቸው መንገዶች አምስት ብቻ ናቸው አለ፦ በቦታ፣ በፊደል፣ በጊዜ፣ በወገን፣ በደረጃ። መጀመሪያ ሳነበው ዕረፍት ተሰማኝ። ወደ ቤቴ ሳመጣው ግን ዕረፍቱ አልቆየም። በፊደል ሲባል በየትኛው ተራ? ሕፃኑ «ሀ ሁ» ብሎ ይጀምራል፤ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ደግሞ በ«አ በ ገ ደ» መሄድ አለበት። ስሟን በ«ዓ» የምትጽፍ ዓለም በ«አ» ቢፈልጓት፣ ማሽኑ ሁለቱን ፊደላት እንዲያስተያይ ካልተነገረው በቀር የለችም ይባላል። በጊዜስ? ጠዋት ሁለት ሰዓት ያልኩት ቀጠሮ ስልኬ ላይ ስምንት ሰዓት ነው። ፊደልና ሰዓት ለማንም የማያደሉ ሥርዓቶች ይመስሉኝ ነበር።

እንግዲህ ሥርዓት በነገሩ ውስጥ ያለ ነው ወይስ እኛ የምንጭንበት? ፕሌቶ በ«ፋይድሮስ» ለዚህ የሥጋ ቆራጭን ምሳሌ ይሰጣል፤ ነገርን የሚከፋፍል ሰው በተፈጥሮ መገጣጠሚያው ላይ ይቁረጥ እንጂ እንደማይችል ቆራጭ አይሰባብር ይላል። ይህን ሳነብ የሚታየኝ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ዶሮ 12 ብልት ይወጣላታል። ሙያ ያላት ሴት ቢላዋዋ አጥንት ሳይነካ መገጣጠሚያውን ያገኘዋል፤ እስከዚህ ፕሌቶ ልክ ነው። ነገር ግን ዶሮዋ ራሷ 12 አትልም። 12 የሚለው ከማዕዱ የመጣ ነው። ፈረሰኛው ለአባወራው የሚቀመጠው ሥጋው ስለተናገረ አይደለም፤ በማዕዱ ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ስለታወቀ ነው። መገጣጠሚያው የዶሮዋ፣ ቁጥሩ የበላተኛው ነው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚመርጠውን ፈላስፋ አላምነውም።

ማዕዱን ሳያይ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚያደርግ ቤተ መጻሕፍት ያሳያል። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የመጻሕፍት አመዳደብ ሃይማኖት 200ዎቹን ቁጥሮች ያዘ። በዚያ ሥርዓት ከ220 እስከ 280ዎቹ ድረስ ያለው ስፋት የክርስትና ሆኖ ኖሯል፤ የቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች በ290ዎቹ ተጣበቡ፤ እስልምና ሁሉ 297 ላይ። ለዘመናት መደርደሪያው መካከል የቆመ አንባቢ ይህን እንደ ዓለም ቅርጽ አይቶታል።

የሁሉም ሰው ቃል የተለያየ ነው፣ ማንን አስደስተህ ትችላለህ የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው፤ ማንኛውም ድርድር አንዱን ያርቃል። ሆኖም ማንን እንዳራቅን ማወቅ አለብን፤ ማወቁ ደግሞ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የእኛ ስሕተት ድምፅ የለውም። ድልድይ ሲወድቅ ይሰማል። የአክስቴ ግን ቢበዛ «ከፈተች፣ ዘጋች» ተብሎ ይመዘገባል፤ ወሩ ሲደርስ ዣንጥላዋን ይዛ ሰልፍ ትቆማለች። «ለሁሉም የሚሆን» የሚባለውን ንድፍ የምፈራው ለዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሠሪውን የሚመስል ሰው ብቻ ነው «ሁሉም» የተባለው።

በሙያችን አንድ የቆየ ዘዴ አለ። በየወረቀቱ አንድ አንድ ነገር ይጻፍና ሰው እንደመሰለው እንዲያቧድነው ይሰጠዋል። በሳምንቱ ወረቀቶቹን ቆራርጬ አክስቴ ፊት ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኳቸው። መብራትን፣ ውሃን፣ የቤት ኪራይንና እድርን አንድ ላይ ሰበሰበች። እኔ እድርን «ማኅበራዊ» ከሚለው ጋር ባስቀመጥኩት ነበር።

«እትዬ፣ እድር ከመብራት ጋር ምን አገናኘው?» አልኳት።

«ወር ሲደርስ የማይታለፉ ናቸዋ» አለች፣ ጥያቄው እየገረማት።

በመጨረሻ «ከውጭ የተላከ ገንዘብ» የሚለው ወረቀት እጇ ላይ ቀረ። ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው አስጠጋችው፣ መለሰችው። «ይኼ ከነዚህ አይገባም» አለች። «ይኼ ልጄ ደህና መሆኑን የማውቅበት ነው።» ከዚያም ለብቻው ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።