ማጽዳትና ማጥፋት

ማጽዳት መልካም ተግባር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ዳሩ ግን በቤተ መዘክር የተቀመጠ አንድ የማዕድን ናሙና ይህን እምነታችንን ይፈታተነዋል። በአሞሌነቱ የምናውቀው የአፋር ጨው፣ ስድስት ገጽ ያለው ክሪስታል ሆኖ ለእይታ ሲቀርብ፣ በውሃ ቢታጠብ ከአቧራው ጋር ራሱም ይሟሟል፤ የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍማ ሳይነኩትም ማላብ ይጀምራል። ካልሳይት አሲድ ሲነካው አረፋ እየደፈቀ ይበላል። በ2000 ዓ.ም. በወሎ፣ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ውሃን እንደ ሰፍነግ ይመጥጣል፤ ንጹሕ ውሃ ቢሆን ሲደርቅ መልኩ ይመለሳል፣ ዘይት ወይም ቀለም ያለበት ፈሳሽ ቢሆን ግን እድፉ ከውስጡ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ለአንዱ መታጠቢያ የሆነው ለሌላው መጥፊያው ነው።

ይህስ በዕውቀት የሚፈታ ነው። ከዚህ የሚከብደው የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ነው። በኳርትዝ ላይ የተጋገረውን ቡናማ የብረት ዝገት ኦክሳሊክ አሲድ ያስለቅቀዋል፤ ክሪስታሉም እንደ መስተዋት ይጠራል፤ ተመልካችም ይደሰታል። ይሁን እንጂ ያ ዝገት ብረት ያዘለ ውሃ በድንጋዩ ላይ ማለፉን ይመሰክር ነበር። እድፍ ነበር ወይስ ታሪክ? አጣቢው መልሱን የሚሰጠው በእጁ ነው፤ ከሰጠ በኋላም ይግባኝ የለውም።

«እንግዲያው ምንም አንንካ» የሚል ይኖራል። ይህም ከኃላፊነት አያድንም። የሞኝ ወርቅ የሚባለው ፓይራይት እርጥበት በበዛበት አየር ውስጥ ከተተወ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል። ቀስ በቀስም ይፈረፈራል፤ አሲዱ የተቀመጠበትን ካርቶንና መለያ ወረቀቱን ይበላል። መለያ ወረቀቱ ሲጠፋ ደግሞ ናሙናው የት፣ መቼ፣ በማን እንደተገኘ የሚናገርለት ያጣል። በመሆኑም አለመንካትም ድርጊት ነው፤ በቸልተኝነት የጠፋውን በጥንቃቄ ስም ማመካኘት አይቻልም።

በእኔ አስተያየት ሚዛኑ አንድ ነው፤ ይኸውም የምናደርገው ነገር ሊመለስ ይችላልን? የሚለው ነው። አየሩን ማድረቅ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ለነገ ዕድል ይተዋል። አሲድ አይተውም። አሲድ የግድ በሚሆንበት ጊዜም የተወገደው ምን እንደነበረ፣ በምን እንደተወገደ መዝግቦ ማኖር የሕሊና ግዴታ ነው። ናሙናው ዛሬ ለሚያየው ዓይን ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ እኛ ያላሰብነውን ጥያቄ ለሚጠይቅ ትውልድም የተቀመጠ አደራ ነው።

የቆየ ብራና የሚጠግን፣ የሕዝብን ቃል ግጥም ሰብስቦ የሚያሳትም የኪነ ጥበብ ሰውም ከዚሁ ፈተና አያመልጥም። ስንኙን ሲያቃና ያስወገደው ቃል ስሕተት ነበር ወይስ የባላገሩ አነጋገር? ከማንሳቱ በፊት ይጠይቅ፤ ካነሳም ያነሳውን ይጻፍ።