ልጆቻችንን ለማን ሰጥተን ነው የምንውለው?



ምስጋና ልጅን ለወላጅ ጸጋም አማናም አድርጎ ለሰጠ አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም፣ የቲም ሆነው አድገው ለሕፃናት ማዘንን ባስተማሩን በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን! በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ኡማው ታላላቅ ጉዳዮች ነው። ዛሬ ግን ቁመቷ ከጉልበቴ ብዙም ከፍ ስለማይል ስለ አንዲት ልጄ ልጽፍ ነው። ጉዳዩ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። ነገር ግን ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከወንድሞች ጋር በተጨዋወትን ቁጥር ሁላችንም በአንድ ጥያቄ ላይ ስንቸገር አያለሁ። እኛ ሥራ ስንውል ልጆቻችን ከማን ጋር ነው የሚውሉት?

ባለቤቴ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሥራ ተቀጥራ ትሠራለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣታል። ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንዳይቀምስ ይመክራሉ። ቁርአን በአል-በቀራህ ምዕራፍ 233ኛ አንቀጽ ላይ ጡት የማጥባትን ጊዜ ሊያሟሉ ለሚሹ ወላጆች ሁለት ሙሉ ዓመት ይጠቅሳል። እንግዲህ ከ24 ወር ላይ 3 ሲቀነስ 21 ወር ይቀራል። ይህን 21 ወር ማን ይሸፍነው?

«ሚስትህ ሥራዋን ትተዋ!» የሚል ወንድም እንዳለ አውቃለሁ። ለሚችል ሰው መልካም ነው፤ እናትን የሚተካ የለም። ነገር ግን የቤት ኪራዩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባሏ የሞተባት እህት፣ ከፈጅር በኋላ ጀምሮ መርካቶ ውስጥ ቆማ የምትነግድ እናት ልጇን ይዛ ወዴት ትሂድ? እነዚህን እህቶች «ተቀመጡ» ብሎ ከመምከር በፊት የሚቀመጡበትን ማዘጋጀት ይቀድማል።

እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም የሚያደርገውን ነው። በደላላ በኩል አንዲት ልጅ ከገጠር መጣችልን። ዕድሜዋን ስንጠይቅ ደላላው ቀደም ብሎ «አሥራ ስምንት» አለን። ፊቷን ላየ ሰው ግን ከአሥራ አራት ብዙም አታልፍም። እኛም ሰው ቸግሮን ነበርና አሥራ ስምንት የሚለውን ማመን ፈለግን። አንድ ዓመት ያህል ልጃችንን አዝላ፣ አብስላ፣ አጥባ፣ ማታ ከሁላችንም በኋላ እየተኛች፣ ከሁላችንም በፊት እየተነሳች ኖረች። አንድ ጧት ሳትነግረን ወጥታ ሄደች። እኛም ተናደድን። «ምስጋና ቢስ!» አልናት። ሳትነግረን በመሄዷም የመጨረሻውን ወር ደመወዟን ሳንሰጣት ቀረን። እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ! ይህን ደመወዝ ልብ በልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የሕፃናት ማቆያ ፈለግን። ከታክሲ መውረጃው አጠገብ አንድ ቤት አገኘሁ። በራፉ ላይ ጨረቃና ኮከብ ያለበት ታፔላ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «ኢስላማዊ አስተዳደግ» የሚል ተጽፎበታል። ታፔላውን አይቼ ልቤ አረፈ። የጠየቅሁት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ በወር ስንት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚከፈት። ወላሂ፣ ለራሴ ስልክ ስገዛ መርካቶ ውስጥ አምስት ሱቅ ዞሬያለሁ፤ የኋላ ክዳኑን አስከፍቼ አይቻለሁ፤ ዋስትና ጠይቄያለሁ። ልጄን ግን ጓዳቸውን እንኳን ሳላይ አስረክቤ ሄድኩ።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ስምንት ሰዓት ላይ ሳልጠበቅ ደረስኩ። በሩን ብዙ ጊዜ ካንኳኳሁ በኋላ ተከፈተልኝ። በአንዲት ጠባብ ክፍል አሥራ አራት ሕፃናት ቆጠርኩ። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ጠባቂዋ አንዲት ወጣት ብቻ ነበረች፤ አንዱን አዝላ ሌላውን ታበላለች። ልጄ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ልብሷ እስከ ወገቧ ርሷል። አላለቀሰችም። የከነከነኝም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ሲጎድልባት ሰፈሩን የምታነቃው ልጅ እዚያ ማልቀስ ዋጋ እንደሌለው የተማረች ትመስል ነበር። ቁጣዬን በዚያች ወጣት ላይ ላወርድ ስል «ወንድሜ፣ ብቻዬን እኮ ነኝ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። የቤቱ ባለቤት አልነበሩም።

ልጄን አቅፌ ወጣሁ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም እንዲህ አለችኝ፦ «እኛስ ያቺን ልጅ? ስንገባ 'ተኝተሽ ነበር እንዴ?' ያልናት ስንት ቀን ነው? 'ደክሞሻል?' ያልናትስ አንድ ቀን አለ?» መልስ አልነበረኝም። ለልጃችን የሚያዝንላት ሰው ከከተማ ከተማ ስንፈልግ፣ እቤታችን ለነበረችው የሰው ልጅ ያዘንንላት አልነበርንም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ቅድም የጠቀስኩትን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ዑለማዎች በሰፊው የሚያብራሩት አንቀጽ ነው፤ እኔ የተማሪ ያህል የተረዳሁትን ብቻ ላካፍል። አንደኛ፣ የእናትን ቀለብና ልብስ በአባት ላይ ያደርጋል። የሕፃን ጉዳይ የሴት ጉዳይ ነው ብለን እጃችንን የምናጥብ አባቶች ከዚህ አንቀጽ ማምለጫ የለንም። ሁለተኛ፣ ሕፃኑን ጡት ለማስጣል እንኳን ሁለቱ ወላጆች ተመካክረው እንዲስማሙ ይፈልጋል። ለጡት ማስጣል ምክክር ካስፈለገ ለቀኑ ሙሉ ለሌላ ሰው አሳልፎ ለመስጠትማ እንዴት አያስፈልግ! ሦስተኛ፣ ልጅን ለሌላ አጥቢ መስጠትን አይከለክልም፤ ነገር ግን የሚገባውን ክፍያ በመልካም ሁኔታ መክፈልን ያያይዝበታል። የልጁ ደኅንነትና የአሳዳጊዋ ሐቅ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኛ ግን ነጣጠልናቸው።

እስቲ ወደ ሲራው እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በሰው እጅ ያደጉ ናቸው። በኒ ሰዕድ ዘንድ ሐሊማ አጠባቻቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና በአብዋእ ስትሞት አብራ የነበረችውና ወደ መካ ይዛቸው የተመለሰችው በረካ ነች፤ በኋላ ኡሙ አይመን የተባለችው (ረ.ዐ.)። የሐበሻ ሴት ነች፤ በዘመኑ አነጋገር ባሪያ ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ነፃ አወጧት፤ ከእናታቸው በኋላ እናታቸው እንደሆነች ይናገሩ ነበር፤ ቤቷ ድረስ እየሄዱም ይጠይቋት ነበር። ከእሳቸው ሞት በኋላ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ.) እሳቸው ይጠይቋት እንደነበረው ሊጠይቋት መሄዳቸውን ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበዋል። እኛ ሐበሾች ይህን ታሪክ ስንሰማ ደረታችን ይነፋል። መልካም ነው። ግን በየጓዳችን ያለችውን የሐበሻ ልጅ ማን ብለን ነው የምንጠራት? የምትበላው ከእኛ ጋር ነው ወይስ ከእኛ በኋላ?

ወገኖቼ! ከስህተቴ የተማርኩትን እነሆ። ማቆያም ሆነ መዋዕለ ሕፃናት ስትመርጡ አባትም እናትም አብራችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ ነግራችሁ፣ አንድ ጊዜ ሳትነግሩ ሂዱ። ሕፃናቱን ቁጠሩ፤ ጠባቂዎቹንም ቁጠሩ። ጡት ያልጣለ ሕፃንና የአራት ዓመት ልጅ የሚፈልጉት እጅ እኩል አይደለም። መጸዳጃውን እዩ፤ ልጁን ማን ያጥበዋል? ውኃ ሲጠፋስ ምን ይደረጋል? ወጥ ቤቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ደረጃው፣ የግቢው በር እንዴት ነው? ልጁን ከእናንተ ሌላ ማን መጥቶ ሊወስደው ይችላል? ሲያጠፋ ምን ያደርጉታል? ከወረዳው የተሰጣቸውን ፈቃድ ጠይቁ። በመጨረሻም ብዙዎቻችን የማንጠይቀውን ጠይቁ፤ ለጠባቂዎቹ ስንት ይከፈላቸዋል? ምሳ በልተው ያርፋሉ ወይ? ተርባና ተማርራ የምትውል ሴት ለልጃችን ፈገግታ ከየት ታምጣ?

ታፔላን አትመኑ። የሃይማኖታችን ስም የተጻፈበት ቤት ከሌላው ይበልጥ ሊጠየቅ ይገባዋል እንጂ ስሙ ከጥያቄ ነፃ አያወጣውም። አማና በአማና ባለቤቱ ሥራ እንጂ በጽሑፍ አይረጋገጥም።

ስለ ትምህርቱም አንድ ነገር ልበል። የአራት ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ እንዲቆጥርልን፣ ማታ የቤት ሥራ ይዞ እንዲመጣልን እንጓጓለን። ሌሎቻችን ደግሞ በዓመት ውስጥ ስንት ሱራ እንደሚሐፍዝ እንፎካከራለን። እኔ ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ሉህ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አሊፍ፣ ባእን ያስቆጠሩኝን ሸይኽ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ። ነገር ግን በአለንጋ ፍርሃት ቁርአንን ጠልተው የቀሩ ጓደኞችም ነበሩኝ። አነስ (ረ.ዐ.) ነቢዩን አሥር ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳን «ኡፍ» እንዳላሉት ተናግሯል። ትንሹን ዑመር ኢብን አቢ ሰለማን የምግብ ሥርዓት ያስተማሩት አብረውት እየበሉ ነው። የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሰላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። የልጅ ዒልም የሚጀምረው ከዚህ እዝነት ነው። ፊደሉም ሱራውም ጊዜ አላቸው፤ የተሰበረ ልብ ግን በቀላሉ አይጠገንም።

አንድ ሐሳብ ለመስጊድ ኮሚቴዎቻችንም አለኝ። ብዙ መስጊዶቻችን የመድረሳ ክፍሎች አሏቸው። ክፍሎቹ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ እሁድ ይሞላሉ፤ በሥራ ቀን ጧት ግን ብዙዎቹ ተዘግተው ይውላሉ። በየሰፈሩ ልጅ አሳድገው የጨረሱ፣ ገቢ የሌላቸው ታማኝ እናቶች አሉን። ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ የተማሩ እህቶችም አሉን። እነዚህን አሠልጥነን፣ የሚገባቸውን ከፍለን፣ ፈቃድ አውጥተን የሰፈሩን ሕፃናት ብንይዝ ምን ይከለክለናል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለእናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። መንግሥት ለሠራተኛው ካሰበ፣ ጀመዓው ለነጋዴዋና ለባልቴቷ ሊያስብ አይገባውምን? ምንጣፍ ለመቀየር የምናዋጣውን ያህል ለዚህ ብናዋጣ አጅሩ ያነሰ አይመስለኝም።

እኛ ሦስት ቅዳሜ አብረን ዞረን በመጨረሻ አንዲት እናት አገኘን። የሚይዙት አምስት ልጆች ብቻ ነው። ታፔላ የላቸውም፤ የወረዳውን ፈቃድ ግን ሳንጠይቃቸው አውጥተው አሳዩን። ዋጋቸው ከፊተኛው ቤት ይበልጣል፤ ሌላ ወጪ ቀንሰን እንከፍላለን። ጧት የማደርሳት እኔ ነኝ። አሁን ልጄ ሲከፋት ታለቅሳለች። አልሐምዱ ሊላህ!

ወደ ደመወዙ ልመለስ። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው ይከፈለው የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት በቃል የማያውቅ አለ? እኔም አውቀው ነበር። ያ የ2011ዱ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ግን አይሸፍንም። በምድር የሚጠይቀን ሕግ ስላላየን ዝም አልን፤ በቂያማ ቀን ግን ይህ ክፍተት የለም። ልጅቷን ፈልገን ነበር። የደላላው ስልክ አይሠራም፤ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣች አልጠየቅናትም ነበር። አንድ ሸይኽ ብጠይቃቸው «ፈልጓት፤ ተስፋ ከቆረጣችሁ በስሟ ሰደቃ ስጡላት፤ የተገኘች ቀን ግን ዕዳው ዕዳችሁ ነው» አሉኝ። ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ ቁምሳጥናችን ውስጥ ተቀምጧል። እስካሁን እየፈለግናት ነው።

ይህን ስጽፍ ምናልባት ጋዜጣው እጇ ይገባ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቢገባም አይጠቅማትም፤ ማንበብ አትችልም። አንድ ዓመት ሙሉ እኛ ዘንድ ስትኖር፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስን ሁለት ሰዎች ፊደል አላስቆጠርናትም።

ሁላችንም እረኞች ነን፤ ሁላችንም ስለምንጠብቀው እንጠየቃለን። የምንጠብቀውም የወለድነውን ብቻ አይደለም። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በቤታችን ለሚኖሩ ለሰው ልጆችም የምናዝን ያድርገን። አሚን።