«የማዶዎቹ ባይኖሩ ስንት ሜትር ትሠሩ ነበር?»



ከሁለት ዓመት በፊት በሰፈራችን መስጂድ የእድሳት ኮሚቴ ውስጥ በጸሐፊነት አገለግል ነበር። «ጋዜጠኛ ነውና ቃለ ጉባኤ መያዝ አያቅተውም» ተብሎ የተጣለብኝ ኃላፊነት ነው። አንድ እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ የሚናራውን ቁመት ለመወሰን ተሰበሰብን። መሐንዲሱ ያቀረበው ንድፍ 22 ሜትር የሚል ነበር። ከመካከላችን አንዱ ተነሣና «ከወንዙ ማዶ ያሉት 27 ሜትር አቁመዋል፤ እኛ በምን እናንሳለን? 30 ይሁን!» አለ። ቤቱ በተክቢራ ተናወጠ። ድጋፍ ሲጠየቅ እጃቸውን ካወጡት መካከል እኔም ነበርኩ።

ያን ጊዜ ከጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሀጂ ፈቃድ ጠየቁና «ልጆቼ፣ የማዶዎቹ ባይኖሩ ስንት ሜትር ትሠሩ ነበር?» አሉ። የመለሰላቸው አልነበረም። ሰብሳቢው «ሀጂ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት፤ ጉዳዩ ተወስኗል» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። እኔም ጥያቄያቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩትም።

ያንን ጥያቄ ረስቼው ነበር። የመለሰብኝ በቅርቡ ስለ ዓለማችን ግዙፍ ሐውልቶች መረጃ ሳገላብጥ ነው። በእያንዳንዱ ሐውልት ታሪክ ውስጥ የሀጂ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር።

እስካሁን በዓለም ላይ ከቆሙት ሐውልቶች ሁሉ ረጅሙ በሕንድ አገር፣ በጉጃራት ክፍለ ግዛት፣ በናርማዳ ወንዝ ላይ የሚገኘው የሰርዳር ፓቴል ሐውልት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ተመረቀ። ቁመቱ 182 ሜትር ነው። በኒውዮርክ ወደብ ላይ የቆመችው የነፃነት ሐውልት ያለ መቆሚያዋ 46 ሜትር ናትና አራት እጥፏ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ፓቴል የዋዛ ሰው አልነበሩም። ሕንድ በ1947 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከ560 በላይ የመሳፍንት ግዛቶችን ከአዲሲቱ አገር ጋር ያዋሐዱ፣ «የብረቱ ሰው» የተባሉ ናቸው። ወገኖቻቸው ቢያስታውሷቸው የሚደንቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሥራው ወደ 30 ቢሊዮን የሚጠጋ የሕንድ ሩፒ ፈጅቷል። ገበሬዎች ያረጀ የእርሻ መሣሪያቸውን እንዲያዋጡ በመላ አገሪቱ ተጠይቀዋል። በምረቃው ሰሞን ግን በዙሪያው የሚኖሩ የአዲቫሲ ጎሳዎች «መሬታችን ተወሰደ፤ ተገቢውን ካሳም አላገኘንም» በማለት፣ ሐዘን እንደገባበት ቤት ምድጃ አናነድም ሲሉ ተቃውሟቸውን አሰሙ። አገር አንድ ላደረጉ ሰው በተሠራ፣ ስሙም «የአንድነት ሐውልት» በተባለ ሥራ ሥር የሚኖሩት ሰዎች ለቅሶ ተቀመጡ! ስለ ሐውልቱ ከተጻፈው ያነበብኩት አብዛኛው ደግሞ ስለ ሰውየው ሥራ ሳይሆን ስለ ሜትሩ የሚያወራ ነው።

የቁመትን ነገር ወደ ኋላ ሄደን እንመልከት። በ1967 እ.ኤ.አ. በቮልጎግራድ የቆመው «እናት አገር ትጠራለች» የተሰኘው ሐውልት 85 ሜትር ሆኖ የዓለም ረጅሙ ተባለ። በ1993 በጃፓን፣ በኡሺኩ ከተማ 120 ሜትር የሆነ የቡድሃ ሐውልት ተጠናቀቀ። በ2008 ቻይና በሄናን ክፍለ ሀገር በ128 ሜትር የቡድሃ ሐውልት በለጠችው። አሥር ዓመት ሳይሻገር የሕንዱ መጣ። (የሌላውን እምነት መንቀፍ ዓላማዬ አይደለም፤ የማወራው ስለ ሜትሩ ነው።) ክብረ ወሰን ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ዛሬ የያዘው ነገ ሌላ ባለ ገንዘብ ሲነሣ ይለቅቃል። «ከሁሉ ረጅም» ተብሎ የተሠራ መታሰቢያ ገና ሲሠራ ጀምሮ ሁለተኛ የሚሆንበትን ቀን ይጠብቃል።

ከዚህም የባሰ አለ። በሙምባይ ባሕር ላይ ሊቆም ለታቀደው የንጉሥ ሺቫጂ ሐውልት ንድፍ ሲከለስ የሰውየው ቁመት ተቀነሰ፤ ጠቅላላው ልክ እንዳይጎድል ደግሞ በእጁ የያዘው ሰይፍ ረዘመ። አስቡት! ሰውየው ያጥራል፣ ሰይፉ ይረዝማል፣ ቁጥሩ ግን አይነካም። ታዲያ የሚታሰበው ማን ነው? ሺቫጂ ወይስ ቁጥሩ?

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ለሙስሊም ምን ጥያቄ አለው? የሕያው ፍጡር ምስል ማቆም በሸሪዓችን የተከለከለ ነው፤ አለቀ» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ናቸው፤ ፍርዱን ዑለማዎቻችን በሰፊው አስተምረውናል። የነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች ታሪክም የታወቀ ነው። ኢብኑ ዐባስ እንደነገሩን እነ ወድ፣ ሱዋዕ፣ የጉሥ፣ የዑቅና ነስር ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ሲሞቱ ለማስታወሻ ተብሎ በየመቀመጫቸው ሐውልት ቆመላቸው። ያ ትውልድ አልፎ ዕውቀቱ ሲጠፋ ግን ተመለኩ። ጥፋቱ የጀመረው በማስታወስ ስም ነው።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ የሚያበቃ አይመስለኝም። ነቢዩላህ ሁድ (ዐ.ሰ.) የዓድን ሕዝብ የወቀሱበትን ነገር በሱረቱ ሹዐራእ እናገኛለን። በየከፍታው ላይ ለከንቱ መታያ ስለሚገነቡትና ለዘላለም የሚኖሩ ይመስል ስለሚያበጇቸው ሕንጻዎች ጠየቋቸው እንጂ በዚያ ስፍራ ስለ ምስል አላነሡባቸውም። ስለዚህ ምስል የራሱ ሒሳብ እንዳለው ሁሉ መታያም የራሱ ሒሳብ አለው። ከመጀመሪያው ነፃ የሆነ ሰው ከሁለተኛውም ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ሁለቱ ሒሳቦች በአንድ ላይ የተነሡበት አገር ሴኔጋል ነው። ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነው በዚህች አገር በፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ ዘመን፣ በዋና ከተማዋ በዳካር ኮረብታ ላይ 49 ሜትር የሆነ «የአፍሪካ ሕዳሴ» ሐውልት ቆመ። ነፃነት የተገኘበት 50ኛ ዓመት ሲከበር በኤፕሪል 2010 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። የሠራው የሰሜን ኮሪያ ድርጅት ነው። ወጪው ወደ 27 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል። ኢማሞች በሁለት ወገን ተቃወሙ፤ አንደኛ ሐውልትነቱን፣ ሁለተኛ የሴቲቱን ምስል እርቃን። የከተማው ሕዝብ ደግሞ መብራት እየጠፋበትና ዳርቻው በጎርፍ እየተጥለቀለቀ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን ሲል ጠየቀ። ፕሬዚዳንቱ «ሐሳቡ የእኔ ነው» በማለት ከጎብኚዎች ገቢ 35 በመቶው እንዲሰጣቸው መጠየቃቸው ቁጣውን አባባሰው። እዚያ ስብከት ያደረገ ኢማምና መብራት የጠፋባት እናት የተቃወሙት በተለያየ ምክንያት ይመስላል፤ ግን ሁለቱም «ይህ ለማን ነው?» ማለታቸው ነበር።

ሌላዋ ሙስሊም አገር ቱርክመኒስታን ናት። ፕሬዚዳንት ኒያዞቭ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሽጋባት ከተማ 75 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ አናት ላይ በወርቅ የተለበጠ የራሳቸውን ሐውልት አቆሙ። ሐውልቱ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ እያደረገ ይዞር ነበር። በ2006 መጨረሻ ሞት ወሰዳቸው። በ2010 ተተኪያቸው ከዚያ ስፍራ አስነሥተው ወደ ከተማው ዳር አዛወሩት። በ2015 ደግሞ ተተኪው ራሳቸው በፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ ወርቅ ተለብጠው፣ በነጭ ዕብነ በረድ አለት አናት ላይ ታዩ! የፊተኛው ዕጣ ለኋለኛው ትምህርት አልሆነም።

በእኛም አገር ይህ ነገር ያልደረሰ አይደለም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ በሰሜን ኮሪያ እገዛ የተሠራው የትግላችን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። ቁመቱ 50 ሜትር ገደማ ነው። የቆመው በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ነው፤ ሟቾቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ግን በዚያው ወቅት በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሀብ እያለቀ ነበር። አባቴ የወሎ ሰው ናቸው። ረሀቡ ሲበረታ ከአገራቸው ወጥተው አዲስ አበባ ደርሰው ሐውልቱን ቀና ብለው ያዩበትን ቀን ሲያነሱ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ከዚያ ላይ ሆኖ እንኳ ወሎ አይታይም ነበር እንዴ?»

እርግጥ ነው፣ በሌላው ወገን የሚነሣውንም መስማት ያስፈልጋል። «የሕንዱ ሐውልት ሚሊዮኖች ይጎበኙታል፤ ሆቴል፣ መንገድና ሥራ አምጥቷል» ይባላል። ይህ እውነት ነው። የቮልጎግራዱም ተራ ጉራ አይደለም። በዚያ ኮረብታ ላይ ከተማዋን ሲከላከሉ የወደቁ ከ34 ሺህ በላይ ወታደሮች አፅም አርፏል። እዚያ ሄዳ የምታለቅስ እናት 85 ሜትሩን ለመለካት አልሄደችም፤ ሐውልቱ 20 ሜትር ቢሆንም ትሄድ ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ለእውነተኛ ሐዘንና ለእውነተኛ ምስጋና የጎረቤት ሜትር መለኪያ አይሆነውም። ማስታወስ ሌላ ሰው ሳይኖርም ይቻላል፤ መብለጥ ግን የሚበለጥ ሰው ካልተገኘ አይቻልም። ስለ ሥራና ስለ ገቢ ከሆነ ደግሞ መንገዱን በቀጥታ መሥራት፣ ካሳውንም መክፈል ይቻል ነበር።

እንግዲህ ጣታችንን ወደ ሌሎች ስንቀስር ቆይተናል፤ ወደ ራሳችንም እንመልሰው። እኛ ሙስሊሞች ሐውልት አናቆምም። ታዲያ የመብለጥ በሽታው ለቀቀን? በካዛብላንካ በ1993 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሐሰን ሁለተኛው መስጂድ ሚናራ 210 ሜትር ነው። ጎረቤት አልጄሪያ ያሠራችውና ግንባታው በ2019 የተጠናቀቀው የአልጀርስ ታላቁ መስጂድ ሚናራ ደግሞ 265 ሜትር ሆኖ በለጠው። የሕንዱን ሐውልት 83 ሜትር ይበልጠዋል ማለት ነው። የሠሪዎቹን ኒያ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው፤ እኔ ልቦችን መመዘን አልችልም። የራሴን እጅ ግን አውቀዋለሁ። ያን እሑድ ከፍ ብሎ የነበረው ለአላህ ብሎ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ያሠሩት መስጂድ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ቅጠል ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እያፈሰሰ በጭቃ ላይ ሱጁድ ያደረጉበት ጊዜ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሚናራም አልነበረውም፤ ቢላል (ረ.ዐ.) አዛን ያደርጉ የነበረው ከአንዲት ጎረቤት ሴት ቤት ጣሪያ ላይ ነበር። ያ አዛን እስከ ዛሬ ይሰማል። በሕንጻ ቁመት መፎካከር ከሰዓቲቱ ምልክቶች መካከል መቆጠሩን ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። ይህን ስል ሚናራ አይሠራ፣ መስጂድም አይመር ማለቴ አይደለም። አዛን ለማሰማት ከፍታ ቢያስፈልግ ልኩን የሚወስነው ሰሚው ነው እንጂ የማዶው ሰፈር አይደለም።

የእኛ ሚናራ ተጠናቀቀ። ልክ 30 ሜትር ነው፤ ከሩቅ ያምራል። የእህቶቻችን መስገጃ ጣሪያ ግን ዛሬም በክረምት ያፈሳል፤ በላዩ ላይ ላስቲክ ተወጥሮበታል። መድረሳው ውስጥ ያሉት ሕፃናትም መሬት ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ። ባለፈው ወር ደግሞ በሌላ ሰፈር 34 ሜትር መጀመሩን ሰማን። ከእኛ ኮሚቴ አባላት አንዱ ዜናውን ሲነግረኝ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የእኔም ሆድ ትንሽ እንደከፋው አልደብቅም።

ሀጂ ይህን ሳይሰሙ ባለፈው ረመዳን ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። በቀብራቸው ላይ የተገኘነው የኮሚቴው አባላት በሙሉ ነበርን፤ ያንን ጥያቄ ግን ማንም አላነሣውም። በቃለ ጉባኤው ላይ ሳላሰፍር የቀረሁትን ዛሬ እዚህ አስፍሬዋለሁ። አንድ ነገር ልንሠራ በተነሣን ቁጥር፣ መስጂድም ይሁን ቤት፣ ሠርግም ይሁን ሶደቃ፣ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ፦ የማዶዎቹ ባይኖሩ ስንት ሜትር እንሠራ ነበር?

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።